ወንዙ እንዴት አደረ?

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማርች በገባ ቁጥር፣ በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሂራሳዋ ወንዝ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ስልክ ይጮኻል። የምታነሳው ፉሳኤ ናት። ደዋዩም ሁሌ አንድ ሰው ነው። «እንደምን አደሩ፤ ወንዙስ እንዴት አደረ?» ይላል። እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ያመሰግናል፣ ስልኩ ይዘጋል። ሰውዬው ግን አንድም ቀን ወንዙ ዳር ብቅ ብሎ አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ነገር በሁለተኛው ዓመት ይረሳው ነበር። ፉሳኤ ግን ነገር አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ዓሣ ዓይኑን ከፍቶ ይተኛል ሲሏት ጊዜ፣ ከወንዙ አንድ ያማሜ በባልዲ አምጥታ የቤቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ለቀቀችውና ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ጀመር። ያማሜ የእኛ ወንዝ ትራውት ነው፤ ጎኑ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ምልክት ያለው ቀልጣፋ ዓሣ። ልጅቷ ከዓሣው ቀድማ እንቅልፍ ጣላት። ማታ አባቷ ሊታጠብ ሲገባ ከዓሣው ጋር ተገናኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ «ለምኒት» እያለ ይጠራት ጀመር፤ ዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷትም ስሙ አልለቀቃትም።

ማኅበሩ ውስጥ የገባችው በሰላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከእሷ በፊት ስልኩን ይይዙ የነበሩት ሽማግሌው ሺጌዞ ሥራውን ሲያስረክቧት ምክራቸው አጭር ነበር። ያየሽውን ተናገሪ፣ ያላየሽውን ተዪ፤ ሁለት ነገር ደግሞ አይጠየቅም፣ የደዋዩ ስምና የሚያጠምድበት ቦታ። በእኛ ሸለቆ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዓሣ አጥማጅ ለሚስቱ ሌላውን ሁሉ ምስጢር ያወጣ ይሆናል እንጂ መንጠቆውን የት እንደሚጥል ትንፍሽ አይልም። ፉሳኤ ይሄን ደንብ ስትሰማ ለምን ልትል ዳድቷት ነበር፤ ቢሆንም እሺ አለች።

ጉዱ ደግሞ እሷ ራሷ በዕድሜዋ መንጠቆ ወርውራ አታውቅም። ወንዙን ያወቀችው በመጠየቅና በማየት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦቲዋን ታጠልቃለች፣ በድልድዩ አጠገብ ያሉትን አርባ አንድ ደረጃዎች ትወርዳለች፣ በገመድ የታሰረውን ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ድንጋይ ገልብጣ ከሥሩ የተጣበቁትን ትሎች ታያለች። ቀጥላ ወደ ዛፎቹ ትሄዳለች። የብርዱ ወራት ሲያልቅ በየዛፉ ግንድ ዙሪያ በረዶው ቀድሞ ይቀልጥና ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ እሷም የጉድጓዱን ስፋት በስንዝር ትለካለች። ሁለት ስንዝር ሲሞላ ያማሜዎቹ ክረምቱን ከተደበቁበት ጥልቅ ውሃ ወጥተው ወደ ፈጣኑ ውሃ ይገባሉ። ይሄን ማንም አላስተማራትም፤ ስምንት ዓመት ስትለካ ቆይታ ራሷ የደረሰችበት ነው።

እኛ «ወንዙ ተከፈተ» የምንለው ያን ቀን ነው። መንግሥትማ በማርች መጀመሪያ ቀን ማጥመድ ተፈቅዷል ይላል፤ ዓሣው ግን ወረቀት አያነብም። ያን ጊዜ የሚያዘው ያማሜ የከሳና የጠቆረ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ ከዘገየ፣ የተራራው በረዶ ባንዴ ቀልጦ ይወርድና ውሃውን እንደ ሩዝ እጣቢ ያደፈርሰዋል። ወንዙ ተከፈተ የሚባለው በእነዚህ ሁለቱ መሃል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ክረምቱ ሲከፋ ቀኖቹ ያንሳሉ፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ የሉም።

ያ ሰውዬ ማን ይሆን የሚለውን ነገር ፉሳኤ ስታወጣና ስታወርድ ኖራለች። መጀመሪያ የጎረቤት ማኅበር ሰላይ ነው አለች። ቀጥላ የመርከብ ካፒቴን አደረገችው፤ ከዚያ ዳኛ፤ አንድ ዓመት ደግሞ በድብቅ የሚያጠምድ ሌባ ነው ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድልድዩ ላይ ቆማ ጠብቃዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «ሴትዮ፣ ለእኔ እንዲህ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?» እያለ ይስቅባት ነበር። እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሞተ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትሰማው የሰው ድምፅ የዚያ ሰውዬ ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽታዋለች። ጉንፋን ይዟት፣ ከነጭ ጋዙ ምድጃ አጠገብ መነሳት አቅቷት፣ የትናንቱን ወሬ ደግማ ነገረችው። ሰውዬው በለሰለሰ ድምፅ፣ ዛሬ ወደ ወንዙ አልወረዱም መሰለኝ አላት። እንዴት አወቁ ብትለው፣ ሁልጊዜ ደረጃውን ወጥተው ሲያናግሩኝ ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ዛሬ ግን አልተቆራረጠም አለ። ፉሳኤ እፍረቷን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ቢይዛትም ሳትወርድ ቀርታ አታውቅም።

የዘንድሮው ክረምት እንግዲህ የጉድ ነበር። በረዶው እስከ ቤቱ ፎቅ መስኮት ደረሰ፤ የወንዙ ዳርና ዳር ተጋገረ። በማርች አጋማሽ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦኖዴራ መጣና፣ ድልድዩ ላይ ካሜራ ሊተከል ስለሆነ ሰው ወንዙን ከቤቱ ሆኖ በስልኩ እንደሚያይ፣ የቢሮው የስልክ መስመር ደግሞ በማርች ሠላሳ አንድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚቋረጥ ነገራት። ፉሳኤ የማጥመጃ ፈቃድ መስጫው ላይ ትቀጥላለች። ኦኖዴራ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ካሜራው የውሃውን ሥር ያሳይ እንደሆነ፣ መስተዋቱን ብርድ ሲያደበዝዘው ማን እንደሚወለውለው ስትጠይቀው አስመሸችው።

ልቧ የደነገጠው ቤቷ ገብታ ነው። የአንድ ሰዓቱ ሰውዬ ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ የቢሮው አሮጌ ስልክም የደዋይ ቁጥር አያሳይም። መስመሩ ሲዘጋ ሰውዬው ላይመለስ ይጠፋል፤ ማን እንደነበረም ሳታውቅ ልትሞት ነው።

በሃያኛው ቀን ነገረችው። ሰውዬው፣ እስከ ሠላሳ አንድ ከተከፈተ እሰማለሁ ማለት ነው አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ፉሳኤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ትወርድ ጀመር። ውሃው ሁለት ዲግሪ ተኩል ነበር፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ እንደገና በረዶ ጣለና ሁለት ተኩል። የዛፎቹ ጉድጓድ ከአንድ ስንዝር ንቅንቅ አላለም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሦስት ዲግሪ ተኩል፣ ነፋስ የለም፣ ዓሣ አልታየም አለችው። አመሰገናት። ሊዘጋው ሲል ፉሳኤ የሽማግሌውን ደንብ ጣሰች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እኔ ፉሳኤ እባላለሁ። እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠየቁ ለምንድነው መጥተው የማያውቁት?»

ከወዲያኛው በኩል የአልጋ ሽቦ ሲንጣጣ ሰማች። ሰውዬው ስሙ ሳሳሞሪ እንደሚባል ተናገረ። ከእኛ ሁለት ሸለቆ ማዶ የተወለደ የበረዶ አገር ሰው ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ የቤታቸውን ጣራ በረዶ ሲጠርግ ተንሸራቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። እህቱ በረዶ የማያውቅ የደቡብ የባሕር ከተማ ወስዳው ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው። ልጅ ሆኖ ከአጎቱ ጋር በሂራሳዋ አጥምዷል፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ያስታውሳል። ጠዋት የፉሳኤን ወሬ ይሰማና ዓይኑን ይጨፍናል። ክሩን ይመርጣል፣ ትሉን መንጠቆው ላይ ይሰካል፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ያጋጠመውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል።

«አምና አሥራ አንድ ያዝኩ» አላት። «ካቻምና አራት።»

ፉሳኤ እንባዋ መጣ፤ ጥያቄዋ ግን ከእንባዋ ቀደመ። «አሥራ አንድ መሆናቸውን እንዴት አወቁ? እንደፈለጉ መቶ ማድረግ አይችሉም?»

«አልችልም። እርስዎ የለም ካሉ የለም ነው፤ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ብዙውን ቀን ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። እዚህ ሁሉም ሰው ደስ የሚለኝን ነው የሚነግረኝ፤ ሐኪሙ ተሽሎሃል ይላል፣ እህቴ ዛሬ ፊትህ ወዝ አለው ትላለች። የለም ብለውኝ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያ የእርስዎ የለም ባይኖር የያዝኳቸው ዓሣዎች ሁሉ ውሸት ነበሩ። ስሜን ያልተናገርኩት ለዚያ ነው፤ ካወቁኝ ማዘን ይጀምራሉ።»

ፉሳኤም፣ መስመሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ይደውሉልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች ነገሩ ሊለወጥ ይችላል ብላ ተሰናበተችው።

ምሳ አልበላችም። ሩዙንና የጎመን ኮምጣጣውን እንደከደነች ትታ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ወንዙ ወረደች። ፀሐይ ወጥታለች። ቴርሞሜትሩ አራት ተኩል አለ። ወደ ዛፎቹ ሮጠች፤ ለስልሳ አንድ ዓመት ሴት መሮጥ ከተባለ። በስንዝር ለካች። አንድ ስንዝር ተኩል ነው። ጣቶቿን ትንሽ ሰብሰብ ብታደርጋቸው ሁለት ሊሆን ይችል ነበር፤ እሷም ሰብሰብ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ አፈረችና ዘረጋቻቸው። ተመልሳ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያለውን ጥልቅ ውሃ አፍጥጣ ስታይ አንድ ዓሣ ከታች ብቅ አለ። ጥቁር ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ይበልጣል። ወደ ፈጣኑ ውሃ አፍ ደረሰ፣ ትንሽ ቆመ፣ ዞሮ ወደ ጥልቁ ተመለሰ።

ኦኖዴራ ካሜራውን ሊያስተክል ድልድዩ ላይ ነበር። ከላይ ሆኖ ምን ጠፍቶሽ ነው ሲላት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው። እሱም ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ አፍንጫውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም።

«አንድ ዓሣ አይተሽ የለ?» አላት። «ተከፈተ በይዋ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው፣ መጥቶ አያይሽ። ደስ ይበለው።»

«ካሜራህስ?»

«ካሜራው ምን ያውቃል? ላይ ላዩን ነው የሚያየው። አንቺ ለምኒት፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰው ደስ ማሰኘት ምን ይጎዳሻል?»

ነገሩ እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም። ዘንድሮ በረዶው ከባድ ስለሆነ ወንዙ ሳይከፈት ጎርፉ ሊቀድም ይችላል። ሰውዬው በዚህ ዓመት አንድም ዓሣ ሳይዝ ሊቀር ነው። አንዲት ቃል ብትናገር ዛሬውኑ ፈጣኑ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ደረጃውን ስትወጣ በየመሃሉ ቆማ ቃሉን ለራሷ አለችው። ቀላል ቃል ነው። ሲወጣ ምላስ አያደናቅፍም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ኦኖዴራ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ሳሳሞሪ እንደ ወትሮው፣ «ወንዙስ እንዴት ዋለ?» አለ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ፉሳኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ሰማችበት። የፈራው የወንዙን ነገር እንዳልሆነ ገባት። የፈራው እሷን ነው።

«ውሃው አራት ተኩል ነው» አለች። «የዛፎቹ ጉድጓድ አንድ ስንዝር ተኩል። አንድ ያማሜ አየሁ፤ ጥቁርና ከሲታ ነው። ወደ ፈጣኑ ውሃ ሊወጣ ብሎ ተመለሰ።» ኦኖዴራን ዞራ አየችው። «አልተከፈተም።»

ኦኖዴራ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሳቅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ከሆድ።

«ዛሬም ባዶ እጄን ነኝ ማለት ነው» አለ ሳሳሞሪ፤ ስሟንም በአክብሮት ጠራት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ፉሳኤ-ሳን። በጣም ፈርቼ ነበር።»

ቁጥርዎን ይስጡኝ አለችው። የተከፈተ ቀን እኔ እደውላለሁ፤ ካልተከፈተ አልደውልም፤ ጎርፉ ከቀደመም ዘንድሮ ድምፄን አይሰሙም፣ ለወሬና ለማጽናናት ብዬ አልደውልልዎትም አለችው። ይሄን ስትል ቆጣ ብላ ነበር። እሱም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበላት፤ እሷ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ጻፈችው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስመሩ ተቋረጠ። እውነት መቋረጡን ለማየት እጀታውን አንስታ አዳመጠች፤ አንስታ ባታይ ነበር የሚገርመው።

ኤፕሪል ገባ። ካሜራው ጥርት ያለ ውሃ ያሳያል፤ ሰዎችም እሱን አይተው መጡና ጥቁር ጥቁር ዓሣ ይዘው እያጉረመረሙ ተመለሱ። ፉሳኤ ፈቃድ ትሰጣለች፣ ጠዋትና ቀን ትወርዳለች፣ ቁጥሩን አትነካም። አምስት ዲግሪ ሆነ። በአምስተኛው ቀን የሞቀ ነፋስ ከደቡብ መጣና የተራራው በረዶ ይናዳል ተብሎ ተፈራ፤ ወንዙ ዳር ዳሩን ደፈረሰ። ፉሳኤ ያን ቀን እህል አልወረደላትም። በማግስቱ ግን ብርዱ ተመለሰና በረዶው ባለበት ያዘ። እሷም ብርድ መጣልኝ ብላ የተደሰተችው በዕድሜዋ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አርባ አንዱን ደረጃ ወረደች። በረዶው ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይሄዳሉ፤ ክንፍ እያላቸው መብረር የረሱ ይመስላሉ። ቴርሞሜትሩን አወጣች፤ ስድስት ተኩል። ወደ ዛፎቹ ሄዳ ጣቶቿን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ለካች። ሁለት ስንዝር፣ ጥቂት ትርፍም አለው። አንድ ዛፍ አላመነችም፤ አምስት ለካች። ተመልሳ ፈጣኑ ውሃ ዳር ቆመች። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ከዚያ አንድ የሚያብረቀርቅ ጎን አየች፣ ከኋላው ሌላ፣ ከእነሱ በላይ ሦስት። የክረምቱ ጥቁረት ከላያቸው ለቋል።

ቢሮ ድረስ መውጣት አላስቻላትም። የእጅ ስልኳን ከካፖርቷ አውጥታ በቃሏ በያዘችው ቁጥር እዚያው ደወለች። ሁለቴ ሳይጮኽ ተነሳ።

«ሳሳሞሪ ነኝ።»

ፉሳኤ ከዛፎቹ ስትመለስ ሮጣ ስለነበር ለመናገር ትንፋሽ አጠራት። ሳሳሞሪ ግን ትንፋሿን እየሰማ ይጠብቃል።

«ተከፈተ» አለችው።

እርግጠኛ ነዎት ወይ አላላትም። ነፋሱ ከየት እንደሆነ፣ ውሃው ትልቁን ድንጋይ እስከ ምን ድረስ እንደሸፈነው ጠየቃት፤ እሷም እያየች መለሰችለት። ከዚያ እንደ ልማዷ ጥያቄው ከአፏ አመለጠ። «መንጠቆውን የት ሊጥሉት ነው?»

«ፉሳኤ-ሳን፣ እሱማ አይጠየቅም» አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ስልኩን እንዳይዘጉት ብቻ። ትንሽ ይታገሡኝ፣ ቦቲዬን ላጥልቅ።»

ፉሳኤ ስልኩን ወደ ውሃው አስጠግታ ያዘችለትና ጠበቀችው።